ማግነም ሪቮልቨር ምን ያህል ድብደባ ይችላል? ከኪራይ መሳሪያ አጽጂ የተጻፈ

ላስ ቬጋስ ውስጥ ታክሲ የማይነዳ፣ ካዚኖ የማይሰራ አበሻ «ታዲያ ምን ትሰራለህ?» መባሉ አይቀርም። እኔ ሽጉጥ አጸዳለሁ፣ አንዳንዴም እጠግናለሁ። የምሰራው ቱሪስት ከፍሎ የሚተኩስበት ቤት ነው። ቀን ቀን መሳሪያ እናከራያለን፣ ጥይት እንሸጣለን። ማታ ደግሞ ሲደበደብ የዋለውን ሁሉ ፈታትቼ ጠረጴዛ ላይ እዘረጋለሁ። አዲስ አበባ ሳለሁ ቶርኖ ቤት ስለሰራሁ ብረት ሲደክም ምን እንደሚመስል አውቃለሁ።

የኪራይ ሽጉጥ እረፍት የለውም። የግል ባለቤት ዓመቱን ሙሉ የሚተኩሰውን እኛ ጋ በጥቂት ቅዳሜና እሁድ ይጨርሰዋል። ስለዚህ የሀገር ልጆች «ማግነም (ጉልበተኛ ጥይት የሚተኩስ ሪቮልቨር) ልገዛ ነው፣ የትኛው ይቆይልኛል?» ሲሉኝ የማወራው በእጄ ያለፈውን ነው። መጀመሪያ የምጠይቀው ግን የሽጉጡን ስም አይደለም። «የምትተኩሰውን የጥይት ካርቶን አሳየኝ» ነው የምለው።

.357 ማግነምን ስሚዝ ኤንድ ዌሰን እና ዊንቸስተር ያወጡት በ1935 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። የድሮውን የ.38 ስፔሻል ቀለህ ሦስት ሚሊሜትር ተኩል ያህል አስረዘሙት። ጉልበተኛው ጥይት ለ.38 በተሰራ ደካማ ሽጉጥ ውስጥ እንዳይገባ ነው። አምራቾቹ የተስማሙበት የግፊት ጣሪያ ለ.38 ስፔሻል 17,000 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ሲሆን ለ.357 35,000 ነው። ከእጥፍ በላይ። የ.357 ሽጉጥ ደግሞ ሁለቱንም ይተኩሳል። ስለዚህ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ሽጉጥ ገዝቶ፣ አንዱ ለልጁ ያወርሰዋል፣ ሌላው ደግሞ በጥቂት ዓመት ውስጥ «ምን ሆኖብኝ ነው?» እያለ ይዞት ይመጣል።

ከ.357ቱም መካከል ልዩነት አለ። ሽጉጡን የሚበላው 125 ግሬይኑ (ግሬይን የእርሳስ ክብደት መለኪያ ነው) ነው፤ ስምንት ግራም ገደማ የምትመዝን፣ ቀላልና ፈጣን እርሳስ፣ ማለትም ከቀለሁ ወጥታ የምትበረው። አብዛኛው ሰው ከባዱ 158 ግሬይን የባሰ ይጎዳል ብሎ ያስባል። እጅን አዎ፣ እሱ የበለጠ ይገፋል። ብረቱ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቀላሏ እርሳስ አጭር ናት፣ ከቀለሁ ቶሎ ትለቃለች። ያኔ እሳቱና ገና ያልተቃጠለው ባሩድ ተከትሏት ይወጣና የአፈሙዙን የኋላ ጫፍ ይመታል። ይህቺ ጫፍ ፎርሲንግ ኮን ትባላለች። እርሳሷ ከሲሊንደሩ (ጥይቶቹን ጎርሶ ከሚሽከረከረው ክፍል) ወጥታ ወደ አፈሙዙ የምትገባባት ጉሮሮ ናት።

ትንሽ ባትሪ ይዛችሁ ሲሊንደሩን ወደ ጎን አውጥታችሁ ከኋላ በኩል እዩዋት። አዲስ ስትሆን ልስልስና የምታብረቀርቅ ናት። ብዙ 125 የበላች ኮን ግን ዝናብ ከተለየው ጭቃ መሬት አትለይም። መጀመሪያ ድምቀቷ ይጠፋል፣ ቀጥሎ ትሻክራለች፣ ቀጥሎ ጥቃቅን ስንጥቆች እርስ በርስ ይያያዛሉ። እስከዚህ ድረስ ሽጉጡ ይሰራል። ከስንጥቆቹ አንዱ ወፍሮ ወደ አፈሙዙ ውስጥ መግባት ከጀመረ ግን አፈሙዝ መቀየር ነው። እሱ ደግሞ በርካሽ የሚያልቅ ስራ አይደለም።

ከኮኗ በላይ ፍሬሙ (የሽጉጡ ዋና አካል) ላይ ደግሞ በቢላ የተሳለ የሚመስል ቀጭን ጭረት ታገኛላችሁ። ሰው እሱን ሲያይ ይደነግጣል። አትደንግጡ። ከሲሊንደሩና ከአፈሙዙ መካከል የሚያመልጠው ጋዝ የሚቆርጠው ነው፤ የተወሰነ ጥልቀት ላይ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ እዚያው ይቆማል። እኛ ጋ ይሄ ጭረት የሌለበት .357 ፈልጋችሁ አታገኙም።

አሁን ወደ ሽጉጦቹ ልግባ። የጥይት ነገር በደንብ የሚገባችሁ በስሚዝ ሞዴል 19 ታሪክ ነው። በ1955 የወጣ ቆንጆ ሽጉጥ ነው። ቢል ጆርዳን የሚባል የአሜሪካ ድንበር ጠባቂ ፖሊስ፣ ቀኑን ሙሉ ወገብ ላይ የማይከብድ .357 ይሰራ ብሎ ጎትጉቶ ነው የተወለደው። ስሚዝም ለ.38 ይጠቀምበት የነበረውን መካከለኛውን ኬ-ፍሬም ወስዶ ማግነም አደረገው። ቦታ ግን ጠበበ። ሲሊንደሩን የሚይዘው ክንድ ተመልሶ እንዲዘጋ የኮኗ ታችኛው ከንፈር ጠፍጠፍ ተደርጎ መቆረጥ ነበረበት። በሰዓት አቆጣጠር ስድስት ላይ ማለት ነው። የሚሰነጠቀውም እዚያው ነው።

መጀመሪያ ላይ ችግር አልነበረም። ፖሊሱ በ.38 ይለማመዳል፣ ማግነሙን ለስራ ይይዛል። በኋላ ግን «የምትታጠቀውን ጥይት ተለማመድበት» መባል መጣ። ያ ጥይት ደግሞ ብዙ ቦታ 125 ግሬይን ነበር። ኬ-ፍሬሞቹ አቃሰቱ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ስሚዝ ወፈር ያለውን ኤል-ፍሬም ይዞ መጣ፤ ጥቁሩ 586፣ የማይዝገው 686። ከ2014 ጀምሮ እንደገና የተሰሩት 66 (የ19 የማይዝገው ወንድም) እና 19 ደግሞ ያ ጠፍጣፋ ቁርጥ የለባቸውም። ስለዚህ «19 እወዳለሁ» የሚል ካለ አዲሱን ይይ። አሮጌው ከተገኘም ይገዛ፣ ውበቱ ይገባዋል። ግን .38 ያብሉት፤ ማግነም ካስፈለገም 158ቱን አልፎ አልፎ። እንደዚያ ከተያዘ ከባለቤቱ ዕድሜ ይበልጣል።

በየቀኑ ለሚደበደብ ሽጉጥ የኔ ምርጫ ሩገር ጂፒ100 ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ የወጣ፣ አራት ኢንቹ ከአንድ ኪሎ ትንሽ የሚበልጥ ብረት። ቶርኖ ቤት የነበርኩበት ዓይን መጀመሪያ የሚያየው ጎኑን ነው። ስሚዞች በአንድ ጎናቸው በብሎን የሚከፈት ክዳን አላቸው። ጂፒው የለውም። ሁለቱም ጎኑ ድፍን ነው። የምላጩ ዕቃ ሁሉ ከስር በአንድ ላይ ተጎትቶ ይወጣል። ሞላዎቹ ጥቅልል ናቸው። ሲሊንደሩ ከፊት የሚቆለፈው በቀጭን ዘንግ ጫፍ ሳይሆን በራሱ ክንድ ላይ ባለ ወፍራም መቆለፊያ ነው። ማቆሚያ ጎድጎዶቹም (ሲሊንደሩ እንዲቆም መቆለፊያው የሚገባባቸው) ከቀዳዳዎቹ ትክክለኛ መሃል ፈንጠር ብለው የተቆረጡ ናቸው፤ የሲሊንደሩ ግድግዳ በሚሳሳበት ቦታ ብረት እንዳይጎድል። ከ.357 ሽጉጦች ሁሉ እኔ በትንሽ ካቻቪቴ ብዙ ስራ የምጨርስበት ይሄ ነው።

«ሩገር እኮ ተቀልጦ የፈሰሰ ብረት ነው፣ ስሚዝ ተቀጥቅጦ ነው» የሚል ክርክር አለ። እውነት ነው፣ ሩገር ፍሬሙን በቀረጻ ነው የሚያወጣው፤ ማቅለጫውም የራሱ ነው፣ ኒው ሃምፕሻየር ኒውፖርት ውስጥ። የተቀጠቀጠ ብረት ለተመሳሳይ ውፍረት ይጠነክራል። ሩገር ደግሞ ውፍረት ጨመረ። አለቀ። በዚህ የሚከራከር ሰው ሽጉጡን ሚዛን ላይ ያስቀምጥ።

የሚወራበት ጉድለት ምላጩ ነው። ከካርቶን ሲወጣ ከ686 ይከብዳል፣ ይጎረብጣልም። ተኩሱ ብዙ ሲሆን እየለሰለሰ ይሄዳል፣ ያም ሆኖ ስሚዝ አይሆንም። ኢላማ ላይ ነጥብ ለመልቀም ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት፣ 686 ውሰዱ፣ አትጸጸቱም። እንዲያውም ሰባት ጎራሹን 686 ፕላስ ውሰዱ። ቀዳዳው ጎዶሎ ቁጥር ሲሆን ማቆሚያ ጎድጎዱ ከሁለት ቀዳዳ መካከል ይውላል። አንድ ጥይት ትርፍ አግኝታችሁ ብረቱም አይሳሳም።

ኮኗን እንተውና፣ እኔ ጋ ጠረጴዛ ላይ ብዙ የሚመጣው የሲሊንደር አገጣጠም ነገር ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የደንበኛ ጓደኛ፣ ከጎን ቆሞ ሲያይ የነበረው፣ ጉንጩን እያሻሸ መጣ። «የሆነ ነገር ወጋኝ» አለ። መነጽሩ ላይ የእርሳስ ፍንጣሪ ነበር። የየትኛው ፋብሪካ ሽጉጥ እንደሆነ ልተወው። ሲሊንደሩን ከፈትኩ፣ ባዶነቱን አየሁ፣ ዘጋሁት። ከዚያ በግራ አውራ ጣቴ ሲሊንደሩን ያዝ አድርጌ መዶሻውን ቀስ ብዬ ወደ ኋላ ሳብኩ። የመጀመሪያው ቀዳዳ፣ ቀጭ። ሁለተኛው፣ ቀጭ። ቀጥሎም ቀጭ። አንዱ ቀዳዳ ላይ ግን መዶሻው መጨረሻው ላይ ደርሶ ቆመ፣ የመቆለፊያው ድምፅ ግን አልመጣም። ሲሊንደሩ ዞሮ ቦታው ለመድረስ ትንሽ ቀርቶታል። እርሳሷ መሃሉን ስታ የኮኗን ጠርዝ ትልጣለች፣ ልጣጩ በጎን ይተፋል።

ምክንያቱ ሲሊንደሩን የምትገፋዋ ትንሽ የብረት ጣት ናት። ጫፏ አልቋል። አዲስ አዝዘን በሞረድ በጥቂት በጥቂቱ እየላግኩ ገጠምኳት። የሚያደክማት ደግሞ ማግነም ብቻ አይደለም። ምላጩን ቶሎ ቶሎ መጨፍለቅ ነው። ሲሊንደሩ በፍጥነት ሲሽከረከር ቆይቶ በድንገት መቆለፊያው ላይ ይገጫል። ሲሊንደሩ በከበደ ቁጥር ግጭቱ ይብሳል። ቱሪስት ደግሞ ሁልጊዜ ይቸኩላል።

ሁለተኛው ልኬት የሲሊንደሩ የፊትና የኋላ ጨዋታ ነው። ሲሊንደሩን ዝጉና በሁለት ጣት ወደ ፊት ወደ ኋላ ሞክሩት። ምንም ባይሰማ ደስ ይላል። እየተቀጠቀጠ ሲሄድ ይላላል፣ ቀለሁም ወደ ኋላ ይመታል፣ ያ ደግሞ ራሱ እያሰፋው ይሄዳል። በሲሊንደሩና በአፈሙዙ መካከል ያለውን ክፍተት በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለካ ስስ የብረት ቅጠል) እለካለሁ። 0.15 ሚሊሜትር አካባቢ ከሆነ ምንም አልልም። 0.25 ሲደርስ ሽጉጡ ከኪራይ መደርደሪያ ይወርዳል። ጨዋታው በ0.05 ሚሊሜትር ቀለበት ሊሞላ ይችላል። ርካሽ ጥገና ነው። በጊዜው ከተያዘ ማለቴ ነው።

«ተበላሽቷል» ተብሎ ከሚመለሰው ውስጥ ብዙው ግን ምንም አልሆነም። ሲሊንደሩ ይከብዳል፣ አይዞርም፣ አይዘጋም ይላሉ። ቀለህ የሚገፋውን ኮከብ ወደ ኋላ ገፍቼ ከስሩ አያለሁ። ያልተቃጠለ ባሩድ ቅንጣት ተቀምጧል። በጥርስ ብሩሽ ጠረግ፣ በቃ። ስትተኩሱ ውላችሁ ቀለህ ስታወጡ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አድርጉ። ባሩዱ ከቀለሁ ጋር ይወርዳል። አፈሙዙን ወደ መሬት ከደፋችሁት ግን ቅንጣቱ ኮከቡ ስር ይገባል።

.38 ማብላትም ዋጋ አለው። አጭሩ ቀለህ የማይደርስበት ቦታ ላይ ጥቁር ቀለበት ይጋገራል። ዝም ካላችሁት .357ቱ አልገባም ይላል። በነሐስ ብሩሽ ጠንከር አድርጎ ማሸት ነው። የቲታኒየም ሲሊንደር ከሆነ ግን ሻካራ ነገር አታስጠጉበት፣ ሽፋኑ ይላጣል።

እጅ በማወናጨፍ ሲሊንደር የሚዘጋ ሰው ደግሞ አለ። ፊልም ላይ አይቶት ነው። በእያንዳንዱ ውርወራ ክንዱ ትንሽ ይጣመማል። እኛ ጋ ይሄን ያደረገ ሽጉጡን ይመልሳል። አለቃዬ በዚህ አይደራደርም፣ እኔም አልደራደርለትም።

ከብረቱ ቅለት ጋር የሚመጣ ሌላ ጣጣ አለ። አንድ በዕድሜ የገፉ የታክሲ ሰው መጡ። «ስማ ልጄ፣ ኪስ ውስጥ የሚገባ ግን ማግነም የሆነ አምጣልኝ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ይተኩሱት፣ ከዚያ እናወራለን» አልኳቸው።

አንዷን ትንሽ የስካንዲየም (ቀላል ብረት) ሽጉጥ ሰጠኋቸው። አምስት ጎራሽ ናት። ከ.357ቱ አንዱን ተኮሱ። ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና መዳፋቸውን አዩ። «አራቱን አንተ ጨርሳቸው» አሉ።

እነዚህ ሽጉጦች ለመያዝ እንጂ ለመደብደብ አልተሰሩም። የስሚዝ 340ፒዲ ክብደቱ 330 ግራም አካባቢ ነው። መመሪያው ራሱ ከ120 ግሬይን በታች የሆነ የማግነም እርሳስ ይከለክላል። በቀላል ሽጉጥ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል፤ ሽጉጡ ወደ ኋላ ሲወነጨፍ ገና ያልተተኮሱት ጥይቶች እርሳስ ከቀለሁ ወደ ፊት ይንሸራተታል። በጣም ከወጣ ሲሊንደሩን ይቆልፈዋል። ስለዚህ አዲስ ጥይት ስትሞክሩ የመጨረሻዋን አትተኩሷት፣ አውጥታችሁ ርዝመቷን ካልተተኮሰች ጋር አስተያዩ። ኪራይ ቤት ለቅንጦት ካልሆነ እነዚህን አይገዛም። ለመያዝ ግን .38 ጎርሳ ብትቀመጥ ምንም አይላትም።

.44 ማግነም ላይ ነገሩ ይከብዳል። ስሚዝ ሞዴል 29ን ያወጣው በ1955 መጨረሻ ነው፣ ያኔ ማንም በቀን ካርቶን ሙሉ የሚተኩሰው አልመሰለውም። ከ1976 ጀምሮ የብረት እንስሳ ምስል ከሩቅ በመምታት የሚወዳደሩ ሰዎች ማኅበር አቋቋሙ። ሩቅ ያለ ከባድ ብረት ካልወደቀ ነጥብ የለም። ስለዚህ ከባድ እርሳስ፣ ሙሉ ባሩድ፣ በመቶ የሚቆጠር ተኩስ። 29ኞቹ መላላት ጀመሩ። አንዳንዶቹ ሲተኮሱ ሲሊንደሩ ከመቆለፊያው ተላቆ ወደ ኋላ ይመለስ ነበር፤ ቀጥላችሁ ስትስቡ መዶሻው የተተኮሰችውን ቀለህ ደግሞ ይመታል። ስሚዝ በ1980ዎቹ መጨረሻ ጎድጎዶቹን አስረዝሞ የውስጡን ዕቃ አጠናክሮ አስተካከለው። አሮጌ 29 ካያችሁ የትኛው ዘመን እንደሆነ ጠይቁ። አዲሶቹ 629ዎች (የማይዝጉት 29ኞች) ለጤነኛ ሰው ይበቃሉ።

«ጤነኛ አይደለሁም፣ ሙሉ .44 ቀኑን ሙሉ እፈልጋለሁ» ካላችሁ ሩገር ሱፐር ሬድሆክ አለ። በ1987 የወጣ። ውበት የሚባል አልፈጠረበትም። ፍሬሙ ወደ ፊት ረዝሞ አፈሙዙን እስከ ሩቅ አቅፎ ይይዛል። በዚሁ ፍሬም ላይ ሩገር .454 ካሱል ሰርቶበታል፤ የዚያ ጥይት ጣሪያ 65,000 ፒኤስአይ ነው፣ የ.44 ደግሞ 36,000። ስለዚህ .44 ለሱ ቁርስ ነው። የሚደክመው ሰውየው ነው።

ኮልት ፓይተንን ካላነሳሁ የሚቀየም አለ። አሮጌው፣ ከ1955 የመጣው፣ ምላጩ ማር ነው። ግን ሲሊንደር ገፊዋ ጣት ሲተኮስም ተጭና ስለምትቆይ በብዙ ተኩስ ታልቃለች፣ ማስተካከያውንም የሚያውቅ ሰው እያለቀ ነው። ሰብሳቢዎች ዋጋውን ሰማይ አድርሰውታል፤ መተኮሱ ራሱ ያሳዝናል። በ2020 በ1,499 ዶላር የተመለሰው ሌላ ሽጉጥ ነው። የውስጡ ዕቃ አንሷል፣ ከኋላ ማነጣጠሪያው ስር ብረት ተጨምሯል። ለተኩስ ከሆነ አዲሱን እመርጣለሁ፣ በገንዘቡ ግን አንድ ጂፒ እና ብዙ ካርቶን .38 ይገዛል።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ሻጩን አስፈቅዳችሁ ያልኳችሁን ሁሉ እዚያው አድርጉት፦ ባዶነቱን ማየት፣ መዶሻውን በስድስቱም ቀዳዳ ቀስ ብሎ መሳብ፣ ሲሊንደሩን ፊትና ኋላ መነቅነቅ፣ በባትሪ ኮኗን ማየት። ዝገትና ጭረት ዋጋ ለማስቀነስ ይረዳል እንጂ አያስፈራ። የጎን ክዳን ብሎኖቹን ጥርስ ተመልከቱ። የተበላ ከሆነ ውስጡን የነካካ ሰው አለ። አሮጌ 686 ወይም 586 ከሆነ ደግሞ ሲሊንደሩን አውጥታችሁ ከሞዴል ቁጥሩ አጠገብ የኤም ማህተም ፈልጉ። ስሚዝ በ1987 መርፌው የሚወጣበትን ቀዳዳ ለማስተካከል ጠርቷቸው ነበር፤ በአንዳንድ ጥይት ካፕሱሉ (መርፌው የሚመታው የቀለሁ ቂጥ ላይ ያለው ማቀጣጠያ) ወደዚያ ቀዳዳ ፈስሶ ሲሊንደሩን ይይዘው ስለነበር ነው። ማህተሙ ካለ ተስተካክሏል። ከሌለና ሽጉጡ ከዚያ በፊት የተሰራ ከሆነ፣ ገንዘቡን ከመቁጠራችሁ በፊት የምርት ቁጥሩን ይዛችሁ ፋብሪካው ጋ ደውሉ።